ስትገባ ታይታለች

በሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሁሉም የሚያውቃት «መርፌ» በሚለው ነው። በሩቁ የሚያያት ሰው ስሙ ከቅጥነቷ የመጣ ይመስለዋል፤ ምላሷን የቀመሰ ግን ነገሩ ወዲህ መሆኑን ያውቃል። ታናናሾቿ «እትዬ መርፌ» ይሏታል። እሷም አልተቀየመችም፤ ጭራሽ ከሱቋ በር በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም አጽፋዋለች።

ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በመንገዱ ዳር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። የፊተኛው ክፍል ሱቋ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ደግሞ መኝታዋም፣ ማብሰያዋም፣ ሴት ደንበኞቿ ልብስ የሚለኩበትም ነው። የማን ትከሻ እንደዘመመ፣ የማን ሆድ ከሠርጓ በፊት እንደገፋ፣ የማን ክንድ ላይ ምን ዓይነት ሰንበር እንዳለ ሁሉንም ታውቃለች። ያቺ ሰው ሁሉ የሚፈራት ምላሷ ግን እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። «የልብስ ሰፊ ሥራ የሰው ገመና መሸፈን ነው» ትላለች፤ «መግለጥማ ማንም አያቅተው።»

የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ነው የተቀመጠችው። ስም አላት፤ «እሜቴ» ትባላለች። መርፌ ቀኑን ሙሉ ከእሜቴ ጋር ትነጋገራለች፤ ትቆጣታለች፣ ትለማመጣታለች፣ አንዳንዴም ትሰድባታለች። «ነይ እንጂ! ምን ያንቀረፍፍሻል! ቀስ በይ፣ ክሩን በጠስሽው!» አዲስ የመጣ ደንበኛ ሌላ ሴት ያለች መስሎት ዙሪያውን ይቃኛል። የሰፈሩ ሰው ግን ለምዶታል፤ መኪናዋ ስታስቸግራት ጩኸቷን ከመንገድ ሰምቶ «ዛሬ ደግሞ ተጣልተዋል» ብሎ ያልፋል።

አምና ሌባ ገባባት። በኋላው በር ነው የገባው፤ ያ በር ወደ ጎረቤቷ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ጓሮ የሚያስወጣ ነበር። የደንበኞቿን ልብስ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው፤ ገና ቁልፍ ያልተተከለለትን፣ ጠርዙ ያልተጠቀለለውን ሁሉ። ብዙም ሳይቆይ ዳቦ ጋጋሪውን ጎህ ሲቀድ ወደ ምድጃው ሲሄድ ጎረምሶች ጠብቀው ደበደቡት፤ የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። ሰውየው በቁጣ ቶሎ ስለሚነፋ «እርሾ» ነው የሚባለው። ያኔ ግን እርሾም ተነፈሰ። ለወራት በሰው ትከሻ ተደግፎ ሄደ።

የሰፈሩ ሰው ስብሰባ ሲቀመጥ መጀመሪያ የተነሳችው መርፌ ነበረች። «ካሜራ ይተከልልን!» አለች። «እዚህ፣ ከደጃችን!» አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አውጥተው «ገመናችንስ? የሚያየንን ሰውስ ማን ያየዋል?» ሲሉ፣ «ጋሼ፣ ደግሞ እርስዎን ማን ሊያይዎ ነው?» አለችና አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። መምህሩም ሳቁና ተቀመጡ። እሷ ቀጠለች። «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?» አለች። ይቺ ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈር ተረት ሆነች። ልጅ ቦርሳዬን አላስፈትሽም ሲል እናቱ ትለዋለች፤ ሚስት የባሏን ኪስ ስትዳብስ ትለዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው።

ካሜራው ተተከለ። ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ፣ ድስት የሚያህል ጥቁር ነገር፣ አንገቱን ወደ መስቀለኛው መንገድ አዙሮ ተቀመጠ። እሷም በዚህ አላበቃችም፤ ግንበኛ ጠርታ የኋላውን በር በጡብ አስደፈነችው። ካሜራው እርሾን የደበደቡትን ልጆች ሌላ ሰው ሲያባርሩ አይቶ አስያዛቸው። ሰው ደስ አለው። መርፌ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ቀና ብላ «እንዴት አደርክ፣ ዘበኛዬ» ትለው ጀመር።

እንዲህ በሰላም ሲኖር ነው የእህቷ ልጅ የመጣችው።

እህቷ ስትሞት ልጅቱ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ያሳደገቻት መርፌ ናት። የሸሚዝ ቁልፍ ከሚጠራቀምበት ቆርቆሮ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ በቀለም በቀለም ስትለይ ነው ያደገችው፤ ስሟም «ቁልፌ» ሆኖ ቀረ። ስታገባ መርፌ ልብሷን በእጇ ሰፋች። ባልየው ጨዋ፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ ጫማው የሚያበራ ሰው ነበር። የከተማው የካሜራ መቆጣጠሪያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ነው። መርፌ «ዓይን ያለው ሰው አገባሽ» ብላ ቀልዳ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ግን ቁልፌ መምጣት ተወች፤ ስልክ ስትደውልም ቶሎ ቶሎ ትዘጋለች። ሥራ በዝቶባት ነው ብላ አክስት ራሷን አታለለች።

ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት ገባች። መርፌ ፊቷን ሳታይ ትከሻዋን አየችና አወቀቻት። ሻርፑ ሲወርድ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ምንም ሳትጠይቅ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ገላዋንም እንደ ልብስ ሰፊ አየችው። ሰንበሩ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ነበር። ቁልፌ አልቅሳ ስትጨርስ መርፌ «ፖሊስ ጋ እንሂድ» አለች።

«ሄጄ ነበር አክስቴ። ‹ማስረጃ አለሽ ወይ?› አሉኝ። ከተማውን ሙሉ ካሜራ ተክለውበታል፤ እኔ የምመታበት ክፍል ውስጥ ግን የለ! ከምን ላምጣላቸው?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

«ሌላ ከተማ ያለችው ጓደኛዬ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት የከፈተችዋ፣ ነይ ብላኛለች። እሱ አያውቃትም። ዛሬ እንዳርፍ ብቻ ነው። አይዞሽ፣ ስመጣ ማንም አላየኝም። ካሜራ ያለበትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ራት ላይ እንደ ገድል ነው የሚተርክልኝ። ድልድዩን ትቼ በቦዩ ውስጥ፣ በገበያው ጀርባ ዞሬ ነው የመጣሁት። ይሄ ሰፈር ደግሞ ከድሮም የለውም።»

 መርፌ በመጋረጃው ስንጥቅ፣ በሱቁ አልፎ፣ በመስኮቱ ወደ ምሰሶው አየች። ቁልፌ ዓይኗን ተከትላ አየችና ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ምንድነው እሱ?»

«ካሜራ ነው።»

«መቼ ነው የተተከለው? ማን አስተከለው?»

መርፌ ዋሽታ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ብላ ስንት ጊዜ ዋሽታለች። ይቺኛዋ ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔው ነኝ ያስተከልኩት።»

ቀኑን ሙሉ ሁለቱም ለራሳቸው መጽናኛ ሲፈልጉ ዋሉ። ስንት ካሜራ አለ፣ ስንት ሰው ያልፋል፣ እሱ ሁሉን አያይም። ምናልባት ዛሬ ተረኛው ሌላ ሰው ነው። መኪና መንገዱ ላይ በቆመ ቁጥር ግን መርፌ ቀና ብላ በመስኮቱ ታያለች። ሦስት ቦታ ጣቷን ወጋች። የሰፈችውን መልሳ ፈታች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የዚህኛው ዓይን ልብ ያለው ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ደረት ውስጥ ነው። ይህን ሳስተክለው እንዴት አላሰብኩትም እያለች ተብሰለሰለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባልየው ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

ፈገግ እንዳለ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና «እንደምን አሉ አክስቴ? ጠፋሁ አይደል?» አለ። በእጁ ሱሪ ይዟል። «ይቺን ሱሪ እንዲያሳጥሩልኝ ነበር። ከእርስዎ ሌላ የሚሆነኝ አላገኘሁም።»

«እ… እንደምን ሰነበትክ ልጄ» አለች መርፌ። «ቁልፌስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትንሽ ተኳርፈን ነው እንጂ። እዚህ አልመጣችም እንዴ?»

«ኧረ አልመጣችም። ከመጣች ስንት ጊዜዋ።»

«እህ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የጠየቀውን ያገኘ ሰው አይመስልም፤ የሚጠብቀውን ያገኘ ነው የሚመስለው። በዚህ መሀል ነው ከመጋረጃው ወዲያ የቁልፍ ቆርቆሮው የወደቀው። ቁልፎቹ ሲሚንቶው ላይ ሲበተኑ እንደ በረዶ ጮኹ። መርፌም፣ ልጅቱ ሕፃን ሳለች እንደለመደችው፣ ሳታስበው «ቀስ በይ!» አለች።

«ቀስ በል» ብትል ውሻ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው ይባል ነበር። «ቀስ በይ» አለች። ቋንቋችን ሴቷን ከወንዱ ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ነው፤ መደበቂያ አልተወላትም።

የባልየው ፈገግታ ከከንፈሩ ሳይወርድ ከዓይኑ ጠፋ። «ማንን ነው፣ ቀስ በይ ያሉት?»

 የመርፌ እጅ ከራሷ ቀድሞ የእሜቴን መዘውር ጨበጠ። «ይቺን ነዋ! ይቺን መኪናዬን። ክር ትበጥስብኛለች።»

መዘውሩን አየ፤ እግሯን አየ። «ቆማለች እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

ደግነቱ ያኔ እርሾ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ገባ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ያመጣላታል። «ዛሬ ደግሞ ከእሜቴ ጋር ምን አጣላሽ? እስከ ደጅ ይሰማል!» አለ። ከዚያ እንግዳውን አየ። «ጌታዬ፣ እንዳይገርምዎት። ይቺ ሴትዮ ከመኪናዋ ጋር ነው የምትኖረው፤ ልታጋባት ባል እየፈለገች ነው።»

መርፌ ነፍስ ዘራች። ግን አልቆየም። ባልየው ለእርሾ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። «አባባ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነበረን። ትንሽ ብቻችንን ቢተዉን» አለ። የቤተሰብ ጉዳይ ከተባለ ጨዋ ሰው አይቆምም። እርሾ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። መርፌ በዓይኗ ለመነችው፤ አላያትም።

በሩ ሲዘጋ ባልየው ስልኩን አውጥቶ ወደ ፊቷ ዘረጋው። ስልኩ ውስጥ የራሷ በር አለ። በቀይ የተጻፈው ስሟ፣ የተሰነጠቀው ደረጃዋ፣ ሻርፕ የተከናነበች ሴት አንድ እግሯ ውስጥ አንድ እግሯ ውጭ።

«ይቺ ማናት?»

«ደንበኛ ናት። ልብስ ልትለካ መጥታ ነው።»

«መቼ ወጣች?»

«ወዲያው… ትናንትናውኑ።»

«አክስቴ» አለ፤ ድምፁ የሚያባብል ነበር። «ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም እስካሁን አይቼዋለሁ። ስትገባ ታይታለች። ስትወጣ ግን አልታየችም። የኋላ በርዎን ደግሞ አስደፍነዋል፤ ጡቡ ሲገባ አይቻለሁ። ብልህ ነዎት፤ እኔም ብሆን አስደፍነው ነበር።»

ተነሳ። ወደ መጋረጃው ተራመደ። መርፌ ዘልላ ተነስታ መሀል ገብታ ቆመች። «እዚያ ሴቶች ልብስ የሚያወልቁበት ነው! ወንድ አይገባም!»

«ባዶ ከሆነ ምን ችግር አለው?» አለ፤ እጁንም ትከሻዋ ላይ አኖረው። አልገፋትም። የመዳፉ ክብደት ግን ምን ማድረግ እንደሚችል ነገራት። ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። መርፌ ያኔ አንድ ነገር ተገለጠላት። ይህ ሰው የሚመታው ካሜራ በሌለበት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥም የለም።

ከእጁ ሥር ሾልካ በሩን በረገደችና ወደ መንገዱ ወጣች። ጫማዋ አንዱ ወልቆ ቀረ። ምሰሶው ሥር ቆማ፣ ወደ ላይ አንጋጣ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች። «ኡኡ! ሌባ! ሌባ ገባብኝ!»

ሌባ የሚለው ቃል በዚያ ሰፈር ሙታን ይቀሰቅሳል። እርሾ የምድጃ መቆስቆሻውን እንደያዘ ደረሰ። ከየቤቱ ሰው ጎረፈ። ባልየው መጋረጃውን ትቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ቤቱ ሰው ተረጋግቶ ደጁ ላይ ወጣ። «ወገኖቼ፣ ስህተት ነው። የእህታቸው ልጅ ባል ነኝ።»

«ስልኩን እዩልኝ!» አለች መርፌ። «ስልኩ ውስጥ የቤቴ በር አለ! ማን ገባ ማን ወጣ እያለ የቤቴን በር ይዞ ይዞራል! የናንተም ይኖራል!»

 «የናንተም» የምትለዋ ቃል በሰዉ ሁሉ ሆድ ውስጥ ገባች። እርሾ ቀረብ አለ። «እውነት ነው? ከየት አመጣኸው?»

«ሥራዬ ነው።»

«የሥራ ከሆነ ሥራ ቤት አይቀርም ነበር? በኪስህ ምን ያደርጋል?»

ባልየው ቀና አለ። ካሜራውን አየው። እዚያ ማዶ፣ እሱ በተወው ወንበር ላይ፣ አሁን ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከሥራ ሰዓቱ ወጥቶ፣ ከሰው ደጅ፣ በሕዝብ ተከቦ እንደቆመ የሚያይ ሰው። ኮፍያውን አጠለቀና እስከ ቅንድቡ ወደታች ጎተተው። ከወደ ኋላ አንዱ «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። መጀመሪያ የተናገረቻት መርፌ ግን አልሳቀችም።

መንገድ ሲለቁለት በአጠገቧ አለፈ። ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚሰናበት ሰው፣ በጆሮዋ «መሄዴ አይደለም» አላት። «ወንበሬ ላይ ልቀመጥ ነው። ስትወጣ አያታለሁ።»

ሕዝቡ እንደተበተነ መርፌ ለእርሾ ሁሉን ነገረችው፤ መጋረጃውንም ገለጠችለት። እርሾ ቁልፌን አየ። ሕፃን ሳለች የዳቦ ቅርፊት ይሰጣት ነበር።

«በድንጋይ ልስበረው» አለች መርፌ። «አሁን ወጥቼ ልስበረው።»

«አይሆንም! ከሰበርሽው ራሱ ፖሊስ ይዞ ይመጣል» አለ እርሾ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? ካሜራው ከሌለ እኔ ጎህ ሲቀድ ከቤቴ መውጣት አልችልም። አሁንም ኮቴ ስሰማ ጎኔን ያመኛል።»

«እሷስ? እሷ እንዴት ትውጣ?»

እርሾ በእጁ የያዘውን መቆስቆሻ ብረት አየ፤ ቀጥሎ የተደፈነውን በር አየ። ከዚያ ጡብ ወዲያ የሱ ጓሮ ነው። ጓሮው ውስጥ ደግሞ የዳቦ ማከፋፈያ መኪናው፣ በኋላው ቅያስ ወደ አውራ ጎዳና የምትወጣዋ፣ ቆማለች። በዚያ ቅያስ ምሰሶም የለም። «አንቺ ሱቅሽ ውስጥ ተቀመጪ» አላት። «እንደወትሮሽ ስፊ። እሱ አንቺን ይይ።»

መርፌ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ከፊቷ ያገኘችው ጨርቅ የባልየው ሱሪ ነበር። መኪናዋ ላይ ክር አስገባች። ቀና ስትል ካሜራው ዘወትር የሚያየውን መስቀለኛ መንገድ እንደተወ አየች። ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አንገት፣ ዞረ። በሯን አየ። ከዚያ መስኮቷን። ከዚያ ቆመ።

 መነሳት፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ጠረጴዛው ሥር መግባት አማራት። ከዘጋች ግን ያውቃል። እግሯን መርገጫው ላይ አኖረች። እሜቴ ማጉረምረም ጀመረች። ከኋላዋ የመጀመሪያው ጡብ ሲሰነጠቅ ሰማች። ወደ ኋላ እንዳትዞር ዓይኗን መርፌዋ ላይ ተከለች። እሷ ወደምታይበት እሱም ያያልና።

ጡቡ አንድ በአንድ እየተነቀለ ይቀመጣል። ያ ግንበኛ ሥራውን አጥብቆ ሠርቶታል፤ አምና አመስግናው ነበር፣ አሁን ረገመችው። መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር በዓይኗ ጫፍ ወደ በሩ ታያለች። እየመጣ ቢሆንስ? ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጦ፣ እሱ ራሱ እየመጣ ቢሆንስ? ካሜራው አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ውስጥ የገዛ መስኮቷን ትንሽ ብልጭታ ታያለች እንጂ ሌላ የለም። እዚያ ወዲያ ሰው ይኑር አይኑር አይነግራትም።

«አክስቴ» የሚል ሹክሹክታ ከመጋረጃው ወዲያ መጣ። «ተከፍቷል። ልምጣና ልሳምሽ?»

ያያል እንጂ አይሰማም። ይህች አንዲት ነገር ቀርታላታለች። መርፌ ፊቷን አኮሳተረች፤ ሥራ የበዛባት፣ መኪናዋ ያስቸገረቻት ሴት ፊት። መዘውሩን በመዳፏ ጠፈጠፈችና እሜቴን መቆጣት ጀመረች።

«ወደዚህ እንዳትወጪ! እዚያው ሁኚ!» አለች። «ሂጂ አሁን! ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ የኔ ልጅ… ዞረሽ እንዳታዪ። እኔን አታስቢ፣ እኔ ምን እሆናለሁ? ስትደርሺ ብዪ፣ ብቻ ስትደርሺ ድምፅሽን አሰሚኝ። ሂጂ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ እንዲህ ነው፣ ጎበዝ…»

እንባዋ ከአገጯ ላይ ወደ ጨርቁ ይንጠባጠባል፤ ፊቷ ግን እንደተቆጣ ነው። መሰናበት እንዲህም ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። ከኋላዋ የእግር ኮቴ፣ የጡብ መንሸራተት፣ ከዚያ የመኪና በር። እሜቴን እስከ መጨረሻው ረገጠቻት። የእርሾ መኪና ድምፅ ርቆ ከጠፋ በኋላም ረገጣውን አላቆመችም፤ ካሜራው አንገቱን እስኪመልስ ስትጠብቅ ዋለች። አልመለሰም። ክሩ አልቆ እሜቴ ባዶዋን ስትመታ ነው የቆመችው። ሱሪውን ስታነሳው ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ ሰፍታቸዋለች።

በማግስቱ አንዲት የማታውቃት ሴት ደወለች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ያለ የሚመስል ጫጫታ ይሰማል። «እትዬ፣ የላክሽው ቁልፍ ደርሷል» አለች። «ምንም አልተሰነጠቀም።» መርፌ «እግዜር ይስጥሽ» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የተበተኑትን ቁልፎች እየለቀመች፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ባልየው አልተመለሰም። ሱሪው ማንጠልጠያው ላይ አለ፤ ልትጥለው ትፈራለች፣ ልታየውም ትፈራለች። ካሜራው አንዳንድ ቀን መስቀለኛውን መንገድ ያያል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሱቋን ስትከፍት በሯን ሲያይ ታገኘዋለች። የሱ ፈረቃ መቼ እንደሆነ እንዲህ ነው የምታውቀው። «እንዴት አደርክ» ማለት ትታለች። የሰፈሩ ሰው ይነሳ አይነሳ ሲጨቃጨቅ ሰነበተ፤ መምህሩ ይነሳ አሉ፣ እርሾ አንገቱን ደፋ፣ መርፌ አፏን የሚያስከፍት ነገር አጣች። ካሜራው እስካሁን እዚያው ነው።

አንድ ቀን አምና በሩን የደፈነው ግንበኛ ባልዲና የሲሚንቶ ማንኪያውን ይዞ መጣ።

«እርሾ ልኮኝ ነው፣ እትዬ መርፌ። ቀዳዳውን ልዝጋልሽ።»

መርፌ ከእሜቴ ቀና አለች። መኪናዋን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ውስጥ፣ ከቀዳዳው አጠገብ አዛውራታለች። ብርሃኑ ከእርሾ ጓሮ ነው የሚገባው፤ ከዳቦው ሽታ ጋር።

«አትዝጋው» አለች።

«እንዴ! ሌባ ይገባበታል እኮ!»

«ይግባ። ሌባ ቢገባ የሚወስደው ጨርቅ ነው። ሰው ይውጣበት። በር ግጠምልኝ።»

ግንበኛው በዓለም ላይ የሌለ ነገር የሰማ ይመስል አያት። ግን የሰው ገንዘብ ነውና ሜትሩን ዘርግቶ መለካት ጀመረ። ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ።

«ቁልፉስ? ከውጭ ነው ከውስጥ?»

ቁልፍ የምትለው ቃል ስትነሳ መርፌ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከጡቡ ፍርስራሽ መሀል አንዲት ቢጫ የሸሚዝ ቁልፍ ትታያለች፤ ስትለቅም አምልጣት ኖሯል። ጎንበስ ብላ አነሳቻትና ኪሷ ከተተቻት።

«ከውስጥ» አለች። «ከውስጥ አድርግልኝ።»